ገራፊ የሚሆን ሰው ሲጠፋ

ሰማዕት መሆን የማይፈልግ ሰው አልነበረም። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ለመስቀል በዓል ቲያትር ያሳያል የተባለ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ በተከራየነው የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ የነበረ ወንድ ሁሉ ከነቦርጩ ለሃይማኖቴ ልሙት ባይ ሆነ። ታክሲ የሚነዳው እጁን አወጣ። መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳው እጁን አወጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ቸስተርሚር የሚባል ሰፈር አዲስ ቤት ገዝቶ ከጋራዡ ሌላ ወሬ የሌለው ሰውዬም እጁን አወጣ። "ገራፊስ የሚሆን ማነው?" ሲባል ግን ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ።

ቲያትሩን የጻፉት እትዬ አዲስ አበባ ሳሉ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከመጡ ወዲህ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ እንጂ የማስተማር አመላቸው አልለቀቃቸውም፤ ሲናገሩ አሁንም ጠመኔ እንደያዘ ሰው ሁለት ጣታቸውን ያነሳሉ። በቁጣ ዞር ዞር ብለው አዩን።

"ያለ ገራፊ ሰማዕትነት የታለ? በሮም ዘመን ሰው ራሱን እየገረፈ ነበር እንዴ ጻድቅ የሚሆነው?"

"እኔ እሆናለሁ" የሚል ድምፅ ከወደ በሩ መጣ።

ጋሼ ነበሩ። ጋሼ ኤርፖርት አውሮፕላን የሚያጸዱ፣ ከእኔ አሥራ ምናምን ዓመት የሚበልጡ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ከሌላ የካናዳ ክፍለ ሀገር ወደ ካልጋሪ ከመጡ ብዙም አልቆዩም ነበር። ቅዳሴ የሚያስቀድሱት በር ላይ ቆመው ነው፤ ወንበር የሚያጣጥፉት፣ ወለል የሚጠርጉት፣ መጨረሻ የሚወጡት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን፣ ሐበሻ እንደሚጠይቀው፣ "የየት ሰፈር ልጅ ነህ?" ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። "የማን ልጅ?" አሉኝ። እሱንም ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁኝም፤ ሰላምታም ሲሰጡኝ ዓይኔን አያዩም ነበር። ዓይናፋር ናቸው ብዬ አለፍኩት።

ሰማዕቱ እኔ ሆንኩ። እትዬ የመረጡኝ በጽድቄ አይደለም፤ ከሁሉ የከሳሁ እኔ ስለነበርኩ ነው። እኔ ቶሎ ግንፍል የምል፣ በትንሹም በትልቁም የምጣላ ሰው ነኝ። ባለ ጋራዡ፣ "አንተ በመጀመሪያው ጅራፍ ገዢውን ትነክሰዋለህ" ብሎ ሲቀልድ አዳራሹ ሳቀ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ቄሣሩ ክርስቲያን የሚባል እንዳይኖር አዋጅ ያወጣል፤ አብያተ ክርስቲያናት ይፈርሱ፣ መጻሕፍት ይቃጠሉ፣ ሁሉም ሰው ለጣዖት ይሠዋ ይላል። አንድ ወጣት ተይዞ ገዢው ፊት ይቀርባል። ገዢው፣ "ቁንጥር ዕጣን ጨምርና ቤትህ ሂድ" ይለዋል። ወጣቱ እምቢ ይላል። ይታሰራል፣ ይሰቀላል፣ ይገረፋል፣ ይሞታል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ደግሞ፣ በገድል ላይ ሁልጊዜ እንደምንሰማው፣ ገራፊው ራሱ ልቡ ይነካና "አምናለሁ" ብሎ ይንበረከካል፤ የቄሣሩ ወታደርም አንገቱን ይቀላዋል። ሰው ስላነሰን ገዢውም ዳኛውም ገራፊውም ጋሼ ሆኑ። እኔ በመጀመሪያው ክፍል ሞቼ፣ በሁለተኛው ቀይ ብርድ ልብስ ደርቤ እነሳና የእሳቸውን አንገት የምቀላ ወታደር እሆናለሁ። ሰይፉ በወጥ ቤት ፎይል የተጠቀለለ ወፍራም እንጨት ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፕራክቲስ እናደርጋለን። በእረፍታችን እትዬ ያስተምሩናል፤ አንዱን ቀን መቼም አልረሳውም። አዋጁ ተሽሮ ሰላም የሆነ ጊዜ፣ አሉ፣ ከማዕድን ጉድጓድ የተፈቱ ሰዎች ወደየከተማቸው ተመለሱ። አንድ ዓይናቸው በብረት የወጣ፣ የእግራቸው ጅማት የተቆረጠ ሰዎች። እያነከሱ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ፣ መጽሐፉን ለእሳት አሳልፎ የሰጠው ሰው፣ ጎረቤቱን የጠቆመው ሰው ቀድሟቸው ገብቶ ቆሟል። ይባረር ወይስ ይቅር ይባል በሚለው ስንት አገር ለሁለት ተከፈለ፤ በዱላም ተማታ። በኋላም አዲሱ ቄሣር ራሱ ሊቃውንቱን ሰብስቦ ሲቀበል፣ ዓይናቸው የወጣውን አባት ጠርቶ የጠፋውን ዓይን ሳመ ይባላል።

"ዓይኑን ያወጣው ሰውዬስ ያን ቀን የት ነበር?" ብዬ ጠየቅሁ።

እትዬ ጣታቸውን እንዳነሱ ቀሩ። "እሱ አልተጻፈም" አሉ። ጋሼ ተነስተው ወንበር ማጣጠፍ ጀመሩ፤ ፕራክቲሱ ግን ገና አላለቀም ነበር።

የማሰሩ ነገር የመጣው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ድረስ እጄን በሻርፕ ሸብ አድርገው ይተዉኝ ነበር። እትዬ አልወደዱትም። "ሕፃን አቀፉት እንጂ አሰሩት አይባልም። የሮም ወታደር እንዲህ ነው የሚያስረው?" ብለው እውነተኛ ገመድ አመጡ። መድረክ ላይ ቁጭ በል ተባልኩ፤ ተቀመጥኩ። ጋሼ ከኋላዬ መጡ። መጀመሪያ የሸሚዜን እጅጌ ሳብ አድርገው ወደ አንጓዬ አወረዱት፤ በጨርቁ ላይ ገመዱን ሁለቴ ጠመጠሙት፤ እጆቼን በጉልበቴ ዙሪያ አሳልፈው ቋጠሩት። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ እጃቸው አላመነታም። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ "አይዞህ" አሉኝ።

ከጭንቅላቴ በፊት ሰውነቴ አወቀ። የውስጥ እግሬ ነደደ። መድረኩ ላይ አስመለሰኝ፤ ጉልበቴ ላይ፣ ገመዱ ላይ፣ የሚፈታኝ ጠፍቶ ራሴ ላይ አስታወክሁ። ሰዎች ሮጠው መጡ። ቁርስ ሳይበላ ነው፣ ፍሉ ይሆናል እያሉ ውሃ ሰጡኝ።

ያንን እጅጌ የማውረድ ነገር የማውቀው ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ እኔንና ታላቅ ወንድሜን አንድ ቀን ከቤት ወስደው ቀበሌው ጓዳ ውስጥ አስገቡን። ፊታችንን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈኑት። አንድ ሰው ነበር የሚያስረን። እጅጌያችንን እስከ አንጓችን ያወርድና በጨርቁ ላይ ነበር የሚያስረን፤ ገመዱ ምልክት እንዳይተው። ከጉልበታችን ሥር እንጨት ያሳልፋል፤ ይሰቅለናል፤ ወፌ ላላ ይሉታል። አፋችን ውስጥ እርጥብ ካልሲ ይጠቀጥቃል፤ ከዚያም ውስጥ እግራችንን በኤሌክትሪክ ገመድ ይተለትለዋል። "አንድ ስም ጥራ፣ ቤትህ ትሄዳለህ" ይል ነበር። እያሰረ ደግሞ፣ እንደ አስታማሚ፣ "አይዞህ" ይላል። እኔ ሰማዕት አልነበርኩም፤ ያልተናገርኩት የማውቀው ስም ስላልነበረ ነው። ወንድሜ ግን ያውቅ ነበር። ካልሲው ከአፉ ሲወጣለት ከግድግዳው ወዲያ ሲጮህ እሰማዋለሁ፤ ስም ሲጠራ ግን አልሰማሁም። አንድ ቀን ጩኸቱ ተቋረጠ። እኔን ፈቱኝ፤ እሱ አልተመለሰም።

እናቴ ያን ጊዜም አላለቀሰች፤ ማልቀስ ተከልክሎ ነበር፤ እዬዬ ያለ ሰው ራሱ ይታሰር ነበር። በኋላም አላለቀሰችም። ደርግ ወድቆ የጅምላ መቃብሮች ሲቆፈሩ ከሌሎች እናቶች ጋር ሄዳ በሹራቡ ቀለም ፈለገችው። ስታጣው፣ "አላልኳችሁም? ልጄ አለ" ብላ ተመለሰች። ፍትሐት ይደረግለት፣ ተዝካሩ ይውጣ ያላትን ሁሉ ከቤቷ ታስወጣለች። "በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አስደርጌ ልግደለው?" ትላለች። እኔ በስልክ ካርድ በደወልኩ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ስደተኛው ሁሉ እዚያ ነው ያለው፤ ያየው ሰው አላገኘህም?" በዚያ ዓመት ኩላሊቷ ደክሞ አልጋ ይዛ ነበር። እህቴ ሪሲቨሩን ተቀብላ፣ "ሳታርፍ ልትሄድ ነው" ብላ አለቀሰችብኝ።

እንግዲህ ያየው ሰው ተገኘ። ኤርፖርት አውሮፕላን ያጸዳል፤ በር ላይ ቆሞ ያስቀድሳል። ከዚያ ቀን ወዲያ አንቱ ልለው አልቻልኩም።

ለማንም አልተናገርኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ ሆዴንም በእውነት ፈጀው። የምሠራው ፉትሂልስ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ግማሽ በሬ በሜንጦ ተንጠልጥሎ ይመጣል፤ እኔ ከአጥንቱ እለያለሁ። ሰኞ ዕለት ቢላዬን ሥጋው ላይ መሰካት ጀመርኩ። መለየቱን ትቼ ዝም ብዬ እየወጋሁ ነበር፤ ጎድኑ መሐል ለመሐል፣ ደጋግሜ፣ ክንዴ እስኪዝል። አጠገቤ የቆመው ቬትናማዊ መስመሩን አስቆመ። አለቃው መጥቶ ፊቴን አየና ወደ ቤትህ ሂድ አለኝ። ቢላዋን በጃኬቴ ይዤው ወጣሁ።

ቅዳሜ ፕራክቲስ ላይ ጅራፉን ሊያነሳ ሲል ቀድሜ ነጠቅሁት። ከክር የተገመደ ነበር፤ እጀታው ግን እንጨት ነው። በእጀታው ፊቱን መታሁት። ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ በዓይኑ ላይ ወረደ። ደገምኩት። ባለ ጋራዡና ባለ ታክሲው ከኋላ ያዙኝ፤ ክርኔን ባለ ታክሲው አፍንጫ ላይ አሳረፍኩት። እትዬ፣ "በቤተ ክርስቲያን ሰው? በትልቅ ሰው ላይ? ይቅርታ ጠይቅ" እያሉ ጮሁ።

ሰውዬው ደሙን በመሐረብ ይዞ፣ "ተዉት" አለ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ባለፈው ገመዱን አጥብቄበት ነው።" ቲያትሩ እንዳይቀር፣ እኔም እንዳልባረር እትዬን የለመናቸው እሱ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የወጋውም አልረሳም ነበር። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ንዴቴ ባሰበት። ቢረሳኝ ኖሮ አስታውሰው ነበር፤ እሱ ግን አውቆኝ ነው እጁን ያወጣው፤ አውቆኝ ነው ሊገርፈኝ፣ ከዚያም አምናለሁ ብሎ በሕዝብ ፊት ሊንበረከክልኝ የፈለገው። ሐሳቡ ገባኝ። እንዲህ በርካሽ አይሆንም አልኩ። እገድለዋለሁ አልኩ። በቀልድ አልነበረም።

የመስቀል ሳምንት በረዶ ጣለ። ደመራው ፓርኪንግ ሎቱ ላይ እርጥብ ሆኖ አልቀጣጠል ብሎ ሰው ይሥቃል። እኔ መጋረጃ ጀርባ የአጥንት መለያ ቢላዬን በቀዩ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። የእንጨቱ ሰይፍ አጠገቡ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። አሰረኝ፤ እጅጌዬን ግን አላወረደም፤ ቆዳዬ ላይ አሰረኝ። ገረፈኝ። "ቁንጥር ዕጣን ናት" ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ ሰው ተዋናይነቱን አደነቀ። ሞትኩ። መጋረጃው ተዘጋና ተከፈተ። ብርድ ልብሱን ደርቤ፣ ቢላዬን ከሥሩ በግራ እጄ፣ የእንጨቱን ሰይፍ በቀኜ ይዤ ወጣሁ።

እሱ መድረኩ መሐል ተንበርክኮ ነበር። "አምናለሁ" አለ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ ልኮ የሸሚዙን ኮሌታ ራሱ ወደ ታች ሳበው፤ እጅጌዬን ያወርድ እንደነበረው በጥንቃቄ። አንገቱ ተገለጠ። በላዩ ጎንበስ አልኩ። ለሕዝቡ ወታደሩ የመጨረሻ ቃል የሚሰማ ይመስላል። የቢላዬን ጫፍ ማጅራቱ ላይ አሳረፍኩት፤ ከዚያ ጫን አልኩት፤ ቀጭን ደም ወጣ።

ሳይዞር፣ ቀስ ብሎ፣ "ከመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁህ" አለኝ። "ቁርጥ እሱን ነህ። አይዞህ።"

ያን ቃል ስሰማ ክንዴ በራሱ ሊሄድ ነበር። ጡንቻዬ ያውቀዋል፤ በቀን ስንት አንገት የሚለይ እጅ ነው። ያቆመኝ ምሕረት አይደለም፤ የሚያዝንልኝ ሰው ይህን ይወቅ። ያቆመኝ እናቴ ናት። እሷ ሬሳ አልፈለገችም፤ የፈለገችው ያየ ሰው ነው። ማን አየ ስትለኝ የገደልኩትን ሰው ልጠራላት ነው?

"ወንድሜስ?" አልኩት በጆሮው።

"ሞቷል።"

"አይተሃል?"

"ገመዱ ላይ ሳለ ነው። እኔ ነኝ የመታሁት። ካልሲው አፉ ውስጥ ነበር፤ መታፈኑን አላየሁም። ሳወርደው አልቆ ነበር።"

"የት ነው ያለው?"

"መኪና መጥቶ ወሰደው። አውቃለሁ ብልህ ውሸት ነው።"

"ስም ጠርቶ ነበር?"

"አንድም አልጠራ።"

ቢላዋን ወደ ብርድ ልብሱ መለስኩና በሁለት እጄ እንጨቱን አነሳሁ። ቲያትር እንደሚሠራ ሰው አልመታሁትም። ባለኝ ኃይል ሁሉ አወረድኩበት። እንጨቱ ወደ ቀኝ ትከሻው አጋደለና ለሁለት ተሰበረ፤ የትከሻውም አጥንት አብሮ ሲሰበር ሰማሁት። አጥንት ሥራዬ ነው፤ ድምፁን አላጣውም። በግንባሩ ወደቀ።

አዳራሹ እልል አለ። በእኛ ዘንድ ሰማዕት ሲሞት አይለቀስም፤ አክሊል ተቀበለ ተብሎ እልል ይባላል። ነጠላ ያጣፉ እናቶች ሁሉ ተነስተው እልልታውን አቀለጡት፤ እትዬ ያለቅሱ ነበር፤ ሕፃናት ያጨበጭባሉ። እኔ የተሰበረ እንጨት ይዤ እግሬ ሥር የወደቀውን ሰው አያለሁ። እናቴ ለልጇ እዬዬ እንዳትል በጠመንጃ ተከልክላ ነበር፤ ለገዳዩ ግን ካልጋሪ ላይ እልል ተባለለት። እዚያው ቆሜ ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም፤ በእልልታው ማንም አልሰማኝም።

ሆስፒታል፣ በረዶ አዳልጦኝ ነው ብሎ ተናገረ። ለእትዬም ያንኑ ነው የነገራቸው። ያመኑት አይመስለኝም፤ ከዚያ ወዲያ እኔን ሲያዩ ጣታቸውን አያነሱም።

በማግስቱ ደወልኩ። እህቴ ስልኩን አልጋዋ ድረስ ወሰደችላት።

"ያየው ሰው አገኘሁ" አልኳት።

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። ተነስታ ተቀመጠች።

"አለ?"

"የለም፣ እማ። ያኔውኑ ነው ያረፈው።"

"ሰውዬው በወሬ ሰምቶ ነው ወይስ ቆሞ አይቶ?"

"አጠገቡ ነበር።"

"እስኪሞት?"

"እስኪሞት።"

"በምን ሞተ?"

"ታፍኖ ነው" አልኳት። ውሸት አልነበረም። "የማንንም ስም አልጠራም።"

"ልጄ" አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ያ ሁሉ ዓመት የታፈነው እዬዬ በስልኩ ውስጥ መጣ። እህቴም ተከተለቻት፤ ጎረቤት ሲሮጥ፣ በር ሲከፈት ሰማሁ። ስልኩን ከጆሮዬ አላራቅሁም። ሲበርድላት ተመልሳ መጣች፤ ድምፏ የሌላ ሰው ነበር።

"እንግዲህ ካህናቱን እጠራለሁ። ፍትሐቱ ይደረግለት። ልጄ ብቻውን አልሞተም ማለት ነው፤ ሰው አጠገቡ ነበረ። ለዚያ ሰው ዘመኑን ይባርክለት በልልኝ። ዘመድ አለው እዚያ?"

"የለውም።"

"እንግዲያው አብላው። በእኔ በእናትህ ሞት፣ በእጅህ ምግብ አቅርብለት። የእኔን ልጅ ዓይን የዘጋ ሰው ነው።"

እውነቱን ልንገራት ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ካርዱ አለቀ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ነበር። ሰውዬው ቀኝ ክንዱን በነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ አስሮ፣ ቅንድቡ ተሰፍቶ፣ እንደ ልማዱ በር ላይ ቆሟል። ማንም እንዳያየው የሚፈልግ ሰው አቋቋም ነው። ሰሐን አነሳሁ፤ እንጀራ ዘረጋሁ፤ ወጥ ጨመርኩበት። መረቁ ጣቴ ላይ ፈሰሰ። ወንበር በእግሬ ገፋሁለት።

"ተቀመጥ" አልኩት።

ተቀመጠ።

"እናቴ ናት የላከችው። ልጄን ዓይኑን ስለዘጋልኝ አብላው ብላኛለች። ዘመኑን ይባርክለት ብላለች።"

ፊቱ ዱቄት መሰለ። "ነገርካት?" አለኝ።

"አጠገቡ የነበረ ሰው አለ ብዬ ነው የነገርኳት።"

ራሱን ነቀነቀ፤ አልበላም ማለቱ ነበር። ሰሐኑን ወደ ደረቱ ገፋሁት። "ብላ" አልኩት። "የእሷ ነው፤ የእኔ አይደለም።"

ቀኝ እጁ ታስሯል። በግራው ቆረሰ፤ ወደ አፉ ሲወስደው ወደቀበት፤ እንደገና ቆረሰ። እንባው ወጡ ላይ ይንጠባጠባል። ማኘክ አቅቶት ሲቆም አየሁትና፣ "ብላ" አልኩት እንደገና። ሰዎች ዞር እያሉ አዩን። ከላዩ ቆሜ፣ እስከ መጨረሻዋ ጉርሻ፣ አበላሁት።